ከወንዙ በታች ያለው ሰው

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ኢዲዶ ነበርኩ። ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ይርጋጨፌ ተደርሶ፣ ከዚያ ወደ ዳገቱ የሚታጠፍ መንገድ ነው። መንገዱ ቀይ እሸት በተሸከሙ ሰዎችና በአህዮች ተሞልቶ ነበር። አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ እሱም መምህር ሆኗል፣ አባቱ ቤት ይዞኝ ገባ። ቆጮው በጎመን ቀረበ፤ ቡናው ተቆላ፤ ወጉ ሞቀ።

ሽማግሌው በወጋችን መሐል ተነሡና በፕላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት ከጓዳ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«እስቲ ይህችን አንብብልኝ መምህር።»

ሁለት ረዣዥም ቁጥሮች ናቸው። ነገሩ ገባኝ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጥቶ፣ ጓሯቸው መሐል ቆሞ፣ ማሳቸው በምድር ካርታ ላይ የት እንደሆነ መዝግቦ ሄዷል። ይህ ካልተመዘገበ አውሮፓ ቡናውን አይገዛም ተብለዋል።

«አባባ፣ ይህ የማሳዎ አድራሻ ነው» አልኳቸው። «ዛፍ ቆርጠው እንዳልተከሉ ማረጋገጫ ይሆናል።»

«እኔ ዛፍ የቆረጥኩት ሌላ ተክዬ ነው። ይሁን፣ ይመዝግቡ። ግን እነዚያ ሰዎች ለኔ ዛፍ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ታች ያለውን ወንዝ ማን ይጠይቅለት? የእኛስ መንግሥት ሕግ የለውም? የእነሱ ሕግ ባሕር ተሻግሮ እኔ ጓሮ ሲገባ፣ የእኛ ከዲላ የማይወጣው ለምንድን ነው?»

ልጃቸው ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጥቼ ቡናዬን ፉት አልኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ልብ ወለድና ቅኔ ሳስተምር ነው። ይሁንና ሕግም ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይነበባል፣ ይተቻል። ተማሪዎቼን ስለማንኛውም ድርሰት ሦስት ነገር ጠይቁ እላቸው ነበር። ተናጋሪው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? ታሪኩ ውስጥ እያለ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ የተደረገውስ ማን ነው? እስቲ በዚህ መነጽር ሦስት ሕጎችን እናንብብ፤ የብራስልስን፣ የአዲስ አበባንና የኢዲዶን።

የብራስልሱ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ምንጣሮን የሚከለክል ደንብ ነው። ቡናን፣ ካካዎን፣ የቀንድ ከብትን፣ አኩሪ አተርን፣ የዘንባባ ዘይትን፣ ጎማንና እንጨትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም። አስመጪው ማሳውን በካርታ ነጥብ ማሳየት አለበት፤ ማሳው ከአራት ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያውን ጭምር። ደንቡን ለጣሰ ኩባንያ የሚወሰነው የገንዘብ ቅጣት ጣሪያው በአውሮፓ ከሚያገኘው ዓመታዊ ሽያጭ ከመቶ አራት እጅ እንዳያንስ ተደንግጓል። ይህ ጥርስ ያለው ጽሑፍ ነው። ኩባንያው ባደገ ቁጥር ቅጣቱም አብሮት ያድጋል።

እንደ ሐያሲ ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል። የመጀመሪያው ትርጓሜው ነው። በደንቡ መዝገበ ቃላት መሬት ወይ ደን ነው፣ ወይ እርሻ። ጌዴኦ ግን ሁለቱንም ነው። ከላይ ወንዛውና ብርብራው፣ ከመሐል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው፤ ከሰማይ ሲያዩት ዱር፣ ገብተው ሲያዩት ጓሮ። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ነው፤ ያው ደንቡ በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። አንዱ የዓለም መዝገብ «ይህ ሕዝብ ዛፍን ከእርሻ ጋር አስማምቶ የኖረ ነው» ሲል መሰከረለት፤ ሌላው መዝገብ ደግሞ «ዛፍ አለመቁረጥህን አስረዳ» አለው።

ሁለተኛው፣ ዝም ያለው ሰው ነው። ተናጋሪው ብራስልስ ነው፤ የሚናገረው ለአስመጪው ነው። ገበሬው ታሪኩ ውስጥ አለ፣ ግን ነጥብ ሆኖ ነው። በማስተማር ዘመኔ ብዙ ዓይነት ገጸ ባሕርይ አይቻለሁ፤ ነጥብ የሆነ ገጸ ባሕርይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደግሞ ጥብቅ የተባለው ሕግ ራሱ ሲጎተት ይታያል። ሥራ ላይ ይውላል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነበር። በአንድ ዓመት ተገፋ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ እንደገና ተገፋና ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ነጋዴዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለትናንሾቹ ጁን 30 ቀን 2027 ተባለ። ለሁለተኛው መገፋት ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የኅብረቱ የኮምፒውተር ሥርዓት ጭነቱን አይችልም የሚል ነበር። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው የኢዲዶ ገበሬ ቶሎ ተዘጋጅ ተብሎ ተዋከበ፤ ብራስልስ ግን ኮምፒውተሬ አልደረሰልኝም ብላ ቀጠሮ አስለወጠች። ጉድ እኮ ነው!

ወደ አዲስ አበባው እንለፍ። ጽሑፋችን ያምራል፤ ይህንን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሰው ሁሉ መብት አድርጎታል። በ1995 ደግሞ ሦስት አዋጆች በተከታታይ ወጡ፤ የተቋማቱ 295፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው 299፣ የብክለት ቁጥጥሩ 300። በአዋጅ 300 ውስጥ አንድ የምወደው አንቀጽ አለ፤ አንቀጽ 11። ማንም ሰው፣ እኔ በቀጥታ ተጎድቻለሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ስለሚበክል ድርጊት ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በሠላሳ ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚህ ላይ ዝም የተባለው ሰው አፍ ተሰጥቶታል። በዚህ ረገድ የእኛ ጽሑፍ ከብራስልሱ ይበልጣል ብል አልተሳሳትኩም።

ታዲያ ምን ነካው? አንደኛ፣ የገንዘብ ቅጣቱ በሺዎች በሚቆጠር ብር ተቆርጦ ተጽፏል። አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር ከዘጠኝ ብር በታች ነበር፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከመቶ ብር ተሻግሯል። ቅጣቱ እዚያው ቆሞ ብሩ ቀለጠ። የብራስልሱ ቅጣት ከባለሀብቱ ጋር ያድጋል፣ የእኛው ከብሩ ጋር ይመነምናል። ዛሬ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ እንዲህ ያለው ቅጣት የሻይ ቡና ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ የሕጉ ባለቤት ስሙን ሲቀያይር ኖረ። በ1987 ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፣ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ኮሚሽን ተባለ፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። በየጊዜው ማኅተም ሲቀረጽና ቢሮ ሲታደል ወንዙ አይጠብቅም። በመሐሉ የተፅዕኖ ግምገማ የመመርመር ሥልጣን ለራሳቸው ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና የተሰጠበት ጊዜም ነበር፤ ማለትም ኢንቨስትመንት አምጣ የተባለው አካል ራሱ ኢንቨስትመንቱን ይመዝን ተባለ። ተማሪ የራሱን ፈተና ቢያርም ማን ይወድቃል?

ሦስተኛ፣ ተጽፎ መተው ልማድ ሆነብን። ፌስታልን ተመልከቱ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ክልከላው በወረቀት ላይ ተኛ፣ ፌስታሉ በየአጥሩ ላይ ተውለበለበ። በ2017 አዲስ አዋጅ ወጥቶ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፌስታል በሙሉ እስኪታገድ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ቅጣት ደንግጋ ገባችበት።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ምሁራን አንድ የታወቀ ማብራሪያ አላቸው። አገር ሲደኸይ አካባቢውን ይበክላል፣ ሲበለጽግ ጥብቅ ሕግ ያወጣል፤ ሆድ ሲሞላ ዓይን ይገለጣል እንደማለት ነው። እውነት አለበት። ላቦራቶሪና መርማሪ ገንዘብ ይፈልጋሉ። አውሮፓም ደኗን በአብዛኛው ካራቆተች በኋላ ነው የደን ጠበቃ የሆነችው። ነገር ግን ሀብት ብቻውን መልስ ቢሆን ሩዋንዳና ኬንያ ከእኛ ቀድመው ባልተገኙ ነበር። ሀብታሞቹም ቢሆኑ በአንድ አዳር አልነቁም።

ጃፓንን እንይ። ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ባሕር ውስጥ ይለቅ ነበር። ዓሣው ተመረዘ፣ ዓሣ በላተኛው ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሕፃናት አካለ ስንኩል ሆነው ተወለዱ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ፍሳሹ የቆመው ግን በ1968 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ጃፓን በነዚያ ዓመታት በፍጥነት እየበለጸገች ነበር። የጎደለው ሀብት አልነበረም። ተጎጂዎቹ ከቶኪዮ ርቀው የሚኖሩ ድሆች ዓሣ አጥማጆች ስለነበሩ ድምፃቸው አልደረሰም። ሲደርስ ግን፣ ሕመምተኞቹ ፍርድ ቤት ሲቆሙና ጋዜጣው ሲጮህ፣ ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ጉባኤ አሥራ አራት ሕጎች አወጣ።

የለንደንን ደግሞ አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 የድንጋይ ከሰል ጭስ ከተማዋን ሸፍኖ ሺዎችን ገደለ። የንጹሕ አየር ሕጉ በ1956 ወጣ። አራት ዓመት ብቻ። ጭሱ የጌታውንም የሎሌውንም ሳንባ ስለገባ፣ የፓርላማውንም መስኮት ስላለፈ፣ ነገሩ የሩቅ ሰው ችግር ሊባል አልቻለም።

ቡና አብቃይዋ ኮስታሪካ ለእኛ ይበልጥ ትቀርባለች። እዚያም የቡና ማጠቢያዎቹ ገለባና ፍሳሽ ወንዞቹን ያበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የቡና ተቋሙ ስምምነት ተፈራርመው፣ ማጠቢያዎቹ ውሃ እንዲቆጥቡ፣ ገለባውን እንዲለዩና ፍሳሹን እንዲያጣሩ ደረጃ በደረጃ የጊዜ ገደብ ተቆረጠላቸው። ኮስታሪካ ያኔ ሀብታም አገር አልነበረችም። ነገር ግን የቡናው ሸለቆ ዋና ከተማዋ ያለችበትና አብዛኛው ሕዝቧ የሚኖርበት ነው። ከወንዙ በታች የሚኖረው ሰው መራጭ ነበር፣ ጋዜጠኛ ነበር፣ ዳኛ ነበር።

አሁን ነገሬ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባችሁ አይቀርም። የአንድ አገር የአካባቢ ሕግ የሚጠብቀው ከወንዙ በታች ያለው ሰው ድምፅ ወደ ላይ በሚደርስበት መጠን ነው። ሩዋንዳ ይህን ሐሳቤን ትፈትነዋለች፤ እዚያ ጥብቅነቱ የመጣው ከላይ፣ ከመንግሥቱ ቁርጠኝነት ነው። እቀበላለሁ። ከላይ የወረደ ጥብቅነት ግን ዕድሜው ያወረደው ሰው ፈቃድ ነው። ከታች የተጠየቀ ሕግ ጠያቂው እስካለ ድረስ ይኖራል።

ጅቡና አህያዪቱን ታስታውሷቸዋላችሁ። እሱ ከወንዙ በላይ ሆኖ እየጠጣ፣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ ውሃውን አታደፍርሺብኝ አላት። ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረት ከዚህ ነው የመጣው። አንዳንድ ጊዜ የሀብታም አገር ጥብቅ ደንብ እኔም እንደዚህ ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከገደብ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያውን አጠበበችው፤ ከትልልቆቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች። ደረጃ ላልወጣለት ኬሚካል ገደቧ በሚሊዮን 0.01 እጅ ነው። ጥርጣሬው ከማሳው ይልቅ በጆንያው ላይ ነበር። ኪሳራው ግን ጆንያ የማይሠራው ገበሬ ዘንድም ደረሰ። ሆኖም ጃፓኖቹ አመካኙ ለማለት አልደፍርም። ሚናማታን ያየ ሕዝብ መርዝ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጥያቄዬ ለእኛ ነው፤ የቶኪዮ ቡና ጠጪ ከመርዝ የሚጠብቀው ሕግ ሲኖረው፣ ያንኑ ቡና የሚያጥበው ሰው ልጅ ለምን አይኖረውም?

ሦስተኛው ሕግ የኢዲዶው ነው። ይህ አልተጻፈም። ጌዴኦ በባሌ ሥርዓት፣ በአባ ገዳዎቹና በየመንደሩ ሶንጎ ራሱን ሲያስተዳድር የኖረ ሕዝብ ነው። ሶንጎ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ዳኛው ጎረቤት ነው፣ ምስክሩ ጎረቤት ነው፣ ተቀጪውም ነገ ለቀብርና ለሠርግ የሚፈለግ ጎረቤት ነው። የጥብቅነቱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ አጥፊውና ፈራጁ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። እኛም ብንሆን ድሮ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እግሩን አንሥቶ የሚቆም ሰው ነበረን። ፖሊስ በሌለበት የሚያስቆመው ቃል ነበር፤ ነገ እኔም ይህንኑ ቃል እጣራ ይሆናል የሚል ስምምነት ነበር።

ሶንጎን ግን እንደ ተረት ገነት አላሳምረውም። ሥልጣኑ የሚደርሰው ለሥርዓቱ እስከሚገዛው ሰው ድረስ ነው። መሬቱ እየተሸነሸነ፣ ወጣቱ ለሥራ እየወጣ ነው። ቡና የሚፈለፍለው ጣቢያ ባለቤት ደግሞ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ሊኖር ይችላል። እሱ ከዚያ ወንዝ አይጠጣም፣ ለቀብርም አይጠራም። ሶንጎ ቢጠራው ማን ይሰማል?

በማግሥቱ ከተማሪዬ ጋር በዞኑ ውስጥ ወዳለች፣ ስሟን ወደማልጠራት አንዲት መፈልፈያ ጣቢያ ወረድን። ወንዙን ከማየታችን በፊት በሽታው አወቅነው። የታጠበ ቡና ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ከእሸቱ የወጣው ገለባና ስኳር ውሃው ውስጥ ሲብላላ አየሩን ይጨርሰዋል፣ ውሃውን ያኮመጥጠዋል፣ ያጠቁረዋል። ጄሪካን ያዘለች አንዲት እናት አገኘንና ከዚህ ትቀጃለሽ ወይ አልናት። «ቡና እስኪያልቅ ከላይኛው ምንጭ ነው» አለችን። ምንጩ ዳገት ነው፤ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ።

ይህችን ሴት በሦስቱ ሕጎች ውስጥ ፈልጌ አጣኋት። ብራስልስ ዛፉን ያያል እንጂ ወንዙን አያይም። የአገሩ የአካባቢ ሕግ መከበሩንም ይጠይቃል፤ እኛ ያላከበርነውን ሕግ ግን ማን ያስከብርለት? አዲስ አበባ አይቷታል፣ በአንቀጽ 11 አፍ ሰጥቷታል፤ አንቀጹን ግን አልነገራትም። ሶንጎ ያውቃታል፤ ባለቤቱን ግን አያገኘውም።

«ደሃ አገር ነን፤ ሕግ ካጠበቅን ባለሀብት ይሸሻል» የሚሉኝ አሉ። ይህን ክርክር አልንቅም፤ ጣቢያው ለብዙ ሰው የወቅት እንጀራ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ አለ፤ የፍሳሽ ጉድጓድና ቬቲቨር ሣር አለ፤ ገለባው ኮምፖስት ይሆናል። ወጪውም ቢሆን ዛሬ እየተከፈለ ነው። ከፋዩ ብቻ ተለውጧል፤ ባለጣቢያው ሊከፍለው የሚገባውን ያቺ እናት በየቀኑ በእግሯ ትከፍላለች። ልቅ ሕግ ወጪን አያጠፋም፣ ደረሰኝ ለማይጠይቅ ሰው ያስተላልፈዋል።

ስለዚህ አዲስ አዋጅ ይውጣ አልልም፤ አዋጅ አልጠፋም። ቅጣቱ በብር ቁጥር ከሚቆረጥ ከበካዩ ገቢ ጋር ይታሰር። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚመረምረው አንድ እጅ አይሁን። የሶንጎ ሽማግሌዎች ቃል በአቤቱታ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይደመጥ። አንቀጽ 11 በጌዴኦኛ ተተርጉሞ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ልንሰናበት ስንል ለሽማግሌው መልሴን ነገርኳቸው። «አባባ፣ የእነሱ ሕግ እዚህ የሚደርሰው እዚያ የሚጠይቀው ሰው ስላለ ነው። የእኛው ከዲላ ያልወጣው እዚህ ሆኖ የጠራው ስለሌለ ይመስለኛል።» ስለ አንቀጽ 11ም አጫወትኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «በስንት ቀን ነው መልስ የሚሰጡት?» አሉ።

«በሠላሳ።»

«እንግዲያው ወረቀት አምጣ» አሉት ልጃቸውን። እሳቸው ተናገሩ፣ ልጅየው ጻፈ። ያቺ ጄሪካን ያዘለች እናትና ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች በማግሥቱ ፈረሙበት። አቤቱታው ገብቷል። ቅጂዋን ሁለቱ ቁጥሮች ካሉባት ወረቀት ጋር በዚያው ፕላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠዋታል። ይህን ስጽፍ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው።